በቴሌቪዥኑ ሰውዬ የቀናሁ ለታ

በእኛ ጊዜ ሰው የሚቀናው በጎረቤቱ በሬ ነበር፣ በወንድሙ መሬት ነበር፣ ከባሰም ሚስቱን ቀና ብሎ ባየ ጎረምሳ ነበር። ይኸው ነው፣ ሌላ ቅናት አናውቅም። እኔ ማሩ ግን፣ ስሙኝማ፣ ሰባ አምስቴን አልፌ፣ ጥርሴ ረግፎ፣ በከዘራ እየሄድኩ፣ ቴሌቪዥን ውስጥ ባለ ሰውዬ ቀናሁ። ሳቁ፣ ሳቁ! ግድ የለም። እኔም ዛሬ እስቃለሁ፣ ያን ጊዜ ግን አንጀቴ እርር ብሎ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ዝናሽ፣ እዚሁ ደባርቅ የምታስተምረው፣ ቴሌቪዥን ገዝታ አመጣችልን። ታዲያ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በአማርኛ የተመለሰ ተከታታይ ፊልም አለ። ባሕር ማዶ ያሉ ጥቁሮች ናቸው፣ ፈረንጅ በባርነት ይዞ የሚያሠቃያቸው፣ እና ከእነሱ ውስጥ አንድ ረዥም ሰውዬ አለ፣ ጥጥ ለቃሚ ነው። በየሳምንቱ አንድ መዓት ይደርስበታል። ይሸጡታል፣ ያመልጣል፣ ይይዙታል፣ ይገርፉታል። እና እናንተ፣ ባለቤቴ የሻረግ በዚህ ሰውዬ ታመመች!

ታመመች ስላችሁ ቀልድ አይምሰላችሁ። ድሮ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ከሴቶቹ ጋር ቆማ ስታወራ ፀሐይ ይበርድ ነበር። አሁን እየሮጠች መጥታ፣ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ እሱ ፊት ቁጭ! ገና አለንጋው ብድግ ሲል፣ «ወየው ልጄን! ወየው የእናቱን ልጅ!» ትልና እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል።

የሻረግ ደግሞ አልቃሻ አይደለችም። ያገር አልቃሽ ስታስለቅስ እንኳ እሷ ዓይኗ ደረቅ ነው። እኔ አዲ አርቃይ ወርጄ ወባ ይዞኝ ሰባት ቀን ስቃዥ፣ አንዲት ጠብታ አላየሁባትም። እግሬ ተሰብሮ በቃሬዛ ሲያመጡኝ ምን አለችኝ መሰላችሁ? «እሰይ! እንግዲህ ከመንከራተት ያርፋሉ» አለችኝ። ታዲያ ለእኔ የነፈገችውን ለማታውቀው ሰው ስታፈሰው እያየሁ እንዴት አልቀና? እናንተ ብትሆኑ አትቀኑም?

እና ቀናሁ ማለት ደግሞ ያሳፍራል። በዚህ ዕድሜ? ስለዚህ ሌላ ሰበብ ፈለግሁ። ዝናሽን ጠራሁና፣ «አንቺ ልጅ፣ ይኼን ነገር አጥፊው!» አልኳት።

«ምነው አባባ?»

«የሰው ልጅ ሲገረፍ ቁጭ ብሎ ማየት ምን የሚሉት ጨዋታ ነው? እኛ በግ ስናርድ እንኳ ሕፃኑን ዞር በል እንላለን። እነዚህ የሰው ቁስል ቀርጸው ይሸጣሉ፣ ሌላው ቆሎ እየቆረጠመ ያያል።»

«አባባ፣ ያልታየ ነገር እኮ እንዳልተደረገ ነው የሚቆጠረው» አለችኝ። «ካላሳዩት ነገ የለም፣ አልነበረም ይላሉ።»

«ቢያሳዩትስ? እናትሽ ስላለቀሰች ሰውዬው ከግርፋቱ ዳነ? እንዲያው መገረፍን ያለማምዳሉ እንጂ!»

 «እውነትህን ነው አባባ፣ እሱም ያስፈራኛል» አለችኝ ዝናሽ። ደስ አለኝ፣ ረታሁ ብዬ ወደ የሻረግ ዞርኩ። «ደግሞ ሞኝ አትሁኚ፣ ሰውዬው ተዋናይ ነው። ደሙ ቀለም ነው» አልኳት።

ከቴሌቪዥኑ ዓይኗን ሳትነቅል፣ «ቀለም ይሁን» አለች። «አንድ ቦታ በእውነት የተገረፈ ባይኖር ቀለሙን የት እንደሚቀቡት በምን አወቁ?»

 ቢሆንም አልተውኩም። «እነሱ እኮ ጥቁሮች ናቸው፣ እኛ የሐበሻ ልጆች በእነሱ ነገር ምን አገባን?» አልኩ። የዚህን ጊዜ ዞር አለችና ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «አንቱ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የነጡት?» ብላኝ ተመልሳ ወደ ሰውዬው ዞረች። ዝናሽ ሳቋን አፍና ወጣች።

ይኼም ሁሉ ይሁን። አንድ ቀን የንስሐ አባታችን ቄስ ሞገስ ጠበል ሊረጩ ቤታችን መጡ። የሻረግ መስቀላቸውን ተሳልማ፣ «አባ፣ አንድ የተገረፈ ሰው አለኝ፣ በጸሎት ያስቡልኝ» አለቻቸው።

«መልካም። ስመ ክርስትናው ማን ይባላል?»

«አላውቀውም አባ። የማውቀው ጀርባውን ነው።»

ቄሱ ግራ ገብቷቸው እኔን አዩኝ። «ቴሌቪዥን ውስጥ ያለ ሰው ነው አባ፣ ያውም ተዋናይ!» አልኩ ላሳጣት። እሳቸው ግን አልሳቁም። ጢማቸውን ጎተት ጎተት አድርገው፣ «እንዲህ ሆነው ያለፉትን ስማቸውን እግዚአብሔር ያውቀዋል፣ አስቢያቸው ልጄ» ብለዋት ሄዱ። የሻረግ ታዲያ ስም የሌለው ሰው ማሰብ ቅር ቢላት «ወልደ ማርያም» አለችው። በገዛ እጇ ስም አወጣችለት! ከዚያ ወዲህ ጧት ጧት ስትጸልይ፣ «ወልደ ማርያምን አስበው፣ ቤተሰቤን ጠብቅልኝ» ትላለች። ሰማችሁ? እሱ በስሙ ይጠራል፣ እኔ ከላሟና ከዶሮዎቹ ጋር «ቤተሰቤ» ውስጥ ተጠቅልዬ ቀረሁ። ያን ለታማ ምሳም አልበላሁ።

ኋላ የመጣው እሑድ ነው ነገሩን የገለበጠው። ሰውዬውን ሸሚዙን አውልቀው፣ ግንድ አሳቅፈው ገረፉት፣ እና ጀርባውን ቀረብ አድርገው አሳዩት። ሰንበሩ አግድም፣ አግድም፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተጋድሞ። እኔ ተነስቼ ወጣሁ። የሻረግ ቅናቴ የተነሳብኝ መስሏት፣ «ይሂዱ፣ ውጭ ነፋስ ይምታዎት!» አለችኝ። ቅናት አልነበረም። 

በማግሥቱ ጧት ግቢ ውስጥ ፀሐይ እየሞቅን፣ ብርድ ሲገባ ወገቤን ስለሚይዘኝ እንደ ልማዷ ቅቤ እያሸችልኝ ነው። እና እጇ ቆመ። ቀጥ አለ።

«አያ ማሩ።»

«ወይ።»

«ይኼን ጠባሳ በቅሎ ጥሎኝ ነው አላሉኝም?»

«አዎን፣ በቅሎ ነው። ሳንቃ በር ገደሉ ላይ።»

«ገደል መስመር ያሰምራል?»

  ከሠርጋችን ጀምሮ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ውሸት ነው። በጣቷ አንዱን መስመር ተከትላ ሄደች፣ ሌላውን ተከትላ ሄደች። «ይኼን ትናንት አይቼዋለሁ» አለች።

እና ነገርኳት። እናንተም ስሙ። ጎረምሳ ሆኜ፣ ፓርክ የሚባል ሳይመጣ፣ በቅሎ እየጫንኩ አድር ነበር። አንድ ፈረንጅ ዋልያ በካሜራ ላነሳ ብሎ መጣ፣ ካሜራውን በእንጨት ሣጥን አድርጎ ሰጠኝ፣ እኔ ጫንኩት። ጧት መንገዱ ውርጭ ይዞት፣ ሳንቃ በር ስንደርስ በቅሎዋ አዳለጣት፣ እኔ ልጓሟን ይዤ እሷን አተረፍኩ፣ ሣጥኑ ገደል ገባ። ፈረንጁ አልጮኸም። አለንጋዬን ከእጄ ወሰደ። የኔን አለንጋ! አስተርጓሚው ከሌላ አገር የመጣ ነው፣ ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረ። እኔ ያቺን ልጓም እንደያዝኩ አሥራ አንድ ጊዜ ገረፈኝ። ልጓሙን ብለቅ በቅሎዋም ትገባለች ብዬ። ሐበሻ ነህ ወይስ ሌላ ጥቁር ነህ ብሎ አልጠየቀኝም፣ ልጆቼ። አልጠየቀኝም።

ማን ይቅረጸኝ? ካሜራው እንደሆነ ገደል ገብቷል።

እና አገሬ ገብቼ በቅሎ ጣለኝ አልኩ። ታውቃላችሁ፣ በእኛ ዘንድ ወንድ የመታውን ያወራል እንጂ የተመታውን አያወራም። ያውም ፈረንጅ አልገዛንም እያልን በምንኮራበት አገር፣ በፈረንጅ ተገረፍኩ ብዬ የማንን ልጅ ላግባ?

የሻረግ ሁሉንም ሰማች። «አሥራ አንድ?» አለችኝ። «አሥራ አንድ» አልኳት።  ከዚያ ጀርባዬ ላይ ትኩስ ነገር ጠብ አለ። ቅቤው ይሆን ብዬ ነበር፣ ቅቤው ግን ቀዝቃዛ ነበር። እናንተ፣ አለቀሰች! ለእኔ! ዞሬ አላየኋትም፣ እንዳትተወው ብዬ። አፍንጫዋን ጠርጋ፣ «ያቺን ምስኪን በቅሎ ሃምሳ ዓመት ስረግማት ኖርኩ» አለች።

ዝናሽ ኋላ ነገሩን ሰምታ፣ «እንግዲህ አባባ፣ ፊልሙ ይታይ ወይስ ይጥፋ?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? ቆሎ እየቆረጠመ ለሚያየው ዛሬም ነውር ነው እላለሁ፣ አልመለስም። ነገር ግን ያ ሰውዬ ጀርባውን ባያሳያት፣ የሻረግ የእኔን ሳታውቀው እንቀበር ነበር። ስለዚህ አጥፊው አላልኳትም።

አሁን እኔም በጸሎት በስሜ እጠራለሁ። ጧት ጧት ዓይኔን ጨፍኜ፣ የተኛሁ መስዬ አዳምጣለሁ። «ወልደ ማርያምን አስበው፣ ገብረ ሚካኤልን አስበው» ትላለች። ገብረ ሚካኤል እኔ ነኝ። አንድ ቀን አላስችል አለኝና ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጌ፣ «አንቺ ሴት፣ ባልሽ ማን ነው? ለምን እሱ ይቀድማል?» አልኳት።

ምን አለችኝ? «እሱ ቁስሉን በአንድ እሑድ አሳየኝ፣ አንቱ ሃምሳ ዓመት ደበቁኝ። ወረፋዎን ይጠብቁ።»

ይኸው እየጠበቅሁ ነው። ኸረ አትሳቁ!