የሻያ ጊደሮች

ከሮቤ ወደ ጎባ የተሳፈርኩባት ባጃጅ ከሻያ ወንዝ አጠገብ ጎማዋ ተነፈሰ። መናደዴ አልቀረም። ወዲያው ግን ከወንዙ ዳር ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ ሰማሁና ወረድኩ፤ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝና ክርክር ሰምቼ ማለፍ አይሆንልኝም።

አንደኛው ኦቦ ወዚር ናቸው። በሮቤ የከብት ገበያ ጥርስ አይቶ ዕድሜ በመናገር የሚያህላቸው የለም፤ ዓሣ ማስገሩንም ከወጣትነታቸው ጀምሮ ይዘውታል። ሁለተኛዋ ለሊሴ የምትባል፣ በዩኒቨርሲቲ ዓሣ የምታጠና ልጅ ናት። ያከራከራቸው በሽማግሌው ትከሻ ላይ ያለው አዲስ መረብ ነበር። ዓይኑ ጣት አያሳልፍም። ትራውት የሚባለው ዓሣ ከዓመት ዓመት እየጠፋ ስለሄደባቸው፣ የቀረውን ትናንሹን ለመልቀም ያመጡት ነው።

ለሊሴ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ይህ መረብ ከገባ ወንዙ ባዶውን ይቀራል ትላለች። እሳቸው ደግሞ ዓሣው ድሮ ክንድ ያህል እንደነበረ፣ አሁን ግን ውሃው ስላረጀ ዘሩ ድንክ ሆኖ መቅረቱን ያስረዳሉ። ስንዝሯ ዓሣ አሮጊት እንጂ ልጅ አይደለችም ባይ ናቸው። እውነቱን ለመናገር እኔም ልስማማ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ልጅቱን ያደነቅኋት እዚህ ላይ ነው። አላፌዘችም።

"ድንክም ልትሆን ትችላለች፣ አባ። ርዝመት ብቻውን አይናገርም። የከብት ዕድሜ በቁመቱ ይገምታሉ እንዴ?"

"እንዴት ተደርጎ! ጥርሱን ነው እንጂ።"

"ዓሣ ደግሞ ጆሮዋ ውስጥ ጠጠር አላት።"

እሳቸው ከያዙት ውስጥ የአንዷን ስንዝር ዓሣ ጭንቅላት ሰንጥቃ፣ ከምስር የምታንስ ነጭ ጠጠር አወጣችና በማጉያ መነጽር አሳየቻቸው። ጠጠሯ ከዓሣዋ ጋር ክብ በክብ ላይ እየደረበች ታድጋለች፤ በጥጋብ ወራት ክቡ ይሰፋል፣ በክፉው ወራት ይጠባል፤ አንድ ሰፊና አንድ ጠባብ አብረው አንድ ዓመት ናቸው። አሮጊት የተባለችው ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላትም። ሆዷ ሲከፈትም እንቁላል የለበትም።

ኦቦ ወዚር ግን በዋዛ የሚረቱ ሰው አይደሉም። "አንዷ መካን ብትሆንስ፣ ኢንታላ ኮ? በአንዲት ላም መንጋው አይፈረድም" አሉ። ልጄ ማለታቸው ነው።

ጥያቄው ደስ አላት። በመራቢያው ወራት ከብዙ አስጋሪዎች ዓሣ እየለመነች ስትለካና ሆድ ስታይ መክረሟን ነገረቻቸው። ከስንዝሮቹ መካከል እንቁላል የያዘች ማግኘት ጭንቅ ነው፤ ስንዝር ተኩል ሲሆኑ ግማሾቹ ይይዛሉ፤ ከዚያ ያለፉት ሁሉም ማለት ይቻላል።

"ለመያዝ ትንሹ ልካችን ግማሾቹ ለእናትነት የሚደርሱባት ርዝመት ናት። ትልልቆቹ የጠፉት ውሃው አርጅቶ አይደለም፣ አባ። ሳይወልዱ እየጨረስናቸው ነው።"

ሽማግሌው ጠጠሯን መዳፋቸው ላይ አድርገው አገላበጧት።

"ጊደር ለቢላ አልሸጥም ብዬ ከስንቱ ነጋዴ ጋር ተጣላሁ" አሉ በመጨረሻ። "እዚህ ግን ጊደር ሳርድ ኖሬአለሁ።"

እኔ ስንት ምሁር አውቃለሁ፣ ተረትቶም እሺ የማይል! እሳቸው ግን መረቡን ጠቅልለው፣ በሰፊ ዓይን እንደሚለውጡት ነገሯት። በከዘራቸውም ላይ ስንዝር ተኩል ለክተው በቢላ ምልክት አደረጉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ወንዝ ግን ከፈሰሰ በኋላ አይለቀምም። እናቲቱ አንድ ጊዜ እንኳ ከወለደች የሚበላም የሚሸጥም አይጠፋም፣ ለልጅ ልጅም ይተርፋል።

በባልዲያቸው ውስጥ አንዲት ዓሣ በሕይወት ቀርታ ነበር። በከዘራው ለኳት፤ አልደረሰችም። ጎንበስ ብለው ውሃው ውስጥ ለቀቋት።

"ሂጂ" አሏት፤ "ወልደሽ ነይ።"