የሰሌኑ ገጽ

በእኛ ጊዜ ስላችሁ የጃንሆይን ዘመን እንዳይመስላችሁ፤ የዛሬ አራት ዓመት ነው የምነግራችሁ፣ እዚሁ ሀዋሳ፣ እዚህችው በረንዳ ላይ። እናንተ ተማሪዎች ሁልጊዜ "አባባ፣ ግዕዙን እንዲህ አሳምረው አንብበው ትርጉሙን ለምን ለመምህር ምስጋናው ይሰጡታል?" ትሉኛላችሁ፣ እኔም "ዓይኔ ደክሞ ነው" እላችኋለሁ። ዓይኔ አልደከመም። እንኳን መጽሐፍ፣ ሐይቁ መሀል ያለችውን ጀልባ ቀለሟን እነግራችኋለሁ። ያፈርኩበት ነገር ስላለ ነው። ዛሬ ልንገራችሁና ይውጣልኝ፤ ብቻ አታቋርጡኝ፣ ካቋረጣችሁኝ ወሬውን ቀይሬ ስለ ዓሣ አወራላችኋለሁ፣ ራሴን አውቀዋለሁ።

ያን ጊዜ ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው። መዝገብ ቤት ነበርኩ፤ ሠላሳ ዓመት ከሰው ፋይል ጋር የኖረ ሰው ቤት ሲውል ምን ይሠራል? ታዲያ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ምሳ ተበልቶ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ስድስት ሰባት ሆነን እዚህ እንሰበሰብና መጽሐፍ እናነብ ጀመር። የጥንት መነኮሳትን ኑሮና ምክር የያዘ ትልቅ መጽሐፍ፣ ወደ አማርኛ የተመለሰ። አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይሰማል፣ ከዚያ እንጫወትበታለን። ዘለቀ ነበረ፣ የከባድ መኪና ሹፌር የነበረው፣ ታውቁታላችሁ። እና ወይዘሮ አስካለ ነበረች፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ባሏ ሞቶባት አንዲት ልጅ ብቻዋን ያሳደገች። እሷን ልብ በሉልኝ፣ ነገሩ የሷ ነው።

ታዲያ የመጀመሪያው ቅጽ በዓመቱ አለቀ። ዘለቀ ሁለተኛውን ቅጽ ከአንድ ዘመዱ ቤት ተውሶ አመጣና ገለጥነው፤ ግዕዝ ብቻ! አማርኛ አንድ መስመር የለው። እና ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ።

"ጋሼ አሉልን እኮ!" አለ ዘለቀ። "ጋሼ ልጅ ሳሉ ቄስ ትምህርት ቤት ገብተዋል፣ አይደል እንዴ?"

ገብቻለሁ። ግን ስሙኝ፣ እኔ የተማርኩት ንባብ ነው። ዳዊት ደግሜአለሁ፤ ግዕዝ ስጡኝ፣ የድምፁን ተነሽ ከወዳቂው ለይቼ እንደ ውኃ አወርድላችኋለሁ። ትርጉሙን ግን አላውቅም። "ብእሲ" ሰው ነው፣ "ማይ" ውኃ ነው፣ ከዚያ ወዲያ የለሁበትም። ታዲያ ይህንን ማለት ነበረብኝ፤ "ማንበብ እንጂ መተርጎም አልችልም"፣ አራት ቃል ናት። አልወጣ አለችኝ። ሁሉም እንዲያ ሲያየኝ፣ አስካለም እጇን አጣምራ ስትጠብቅ፣ "እስቲ አምጡት" አልኩ።

አንድ ገጽ አነበብኩ። "ምን ይላል ጋሼ?" አሉ። "እ... አንድ መነኩሴ ነበር፣ ይላል። ይህ መነኩሴ ዝም ይላል። ሰዎች መጥተው 'አባታችን ምነው ዝም አልክ?' ቢሉት፣ 'ስናገር ራሴን ብቻ እሰማለሁ፣ ዝም ስል ግን እናንተን እሰማለሁ' አላቸው፣ ይላል።"

"ኧረ ግሩም ነው!" ዘለቀ ጭኑን መታ። "ሁለተኛው ቅጽ ከመጀመሪያው ይበልጣል!"

እና ነውሬን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። ሠላሳ ዓመት "ፋይል ቁጥሩን ንገረኝ" ስባል የኖርኩ ሰው፣ አሁን "ጋሼ ምን ይላል?" እባላለሁ። ከዚያ ወዲያ ምን ሆንኩ መሰላችሁ፣ ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር ስሄድ የእሑዱን አዘጋጅ ጀመር። መነኩሴ እፈጥራለሁ፣ ዋሻ እሰጠዋለሁ፣ ደቀ መዝሙር እሰጠዋለሁ። ክፉ ነገር አልናገርም፤ ታገሡ፣ ትሑት ሁኑ፣ እንዲህ እንዲህ ነው። ማንን ይጎዳል እል ነበር።

በዚህ መሀል ዘለቀ ቤት የተከራየ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይመጣ ጀመር፣ ምስጋናው። ያኔ ተማሪ ነው። ጥጉ ላይ ይቀመጣል፣ አይናገርም። "ምን ትማራለህ ልጄ?" አልኩት። "ስታቲስቲክስ ነው አባባ።" እፎይ አልኩ። ስታቲስቲክስ ከግዕዝ ምን አገናኘው? ስተረጉም አንገቱን ይደፋል፤ እኔ ተመስጦ ነው ብዬ!

አሁን ወደ አስካለ እንምጣ። ልጇ ሕይወት ትባላለች። ከአንድ የፕሮቴስታንት ልጅ ጋር ተዋደደችና እናቷ እሺ ብትል እምቢ ብትል አልጠበቀችም፣ ተጋብተው ከከተማው ዳር ቱላ ገቡ። ልጁ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ይሠራል፣ ጨዋ ልጅ ነው። አስካለ ግን ከልጇ ተቆራረጠች። ስሟን አታነሣም። ታዲያ ሕይወት አረገዘች፤ ሰባት ወር ሲሆናት ሽማግሌ ላከች፣ "እናቴ ይቅር ትበለኝ፣ ስወልድ አጠገቤ ትሁን" ብላ። አስካለ ለሽማግሌዎቹ "እሑድ ድረስ ጊዜ ስጡኝ" አለቻቸው።

እሑድ መጣች። ቁጭ አለችና "ጋሽ በላይነህ፣ ዛሬ የአባቶች ቃል የሚለኝን እፈጽማለሁ። ሂጂ ካለኝ እሄዳለሁ፣ ቅሪ ካለኝ እቀራለሁ" አለች።

እስቲ እዚህ ላይ ፍረዱኝ። አንድ ቃል፣ "ሂጂ" ብል ምን ነበረበት? ግን እኔም ልጅ አለኝ፣ አዳማ ነው ያለው፣ ያኔ ከተኳረፍን ሦስት ዓመታችን፤ ስልክ አይደውልም፣ እኔም አልደውልም። ገጹን ገለጥኩ፣ አሳምሬ አነበብኩ፣ እና ከአፌ ምን ወጣ? "አንድ አባት ነበር፣ ልጁ ጥሎት ሄደ። ሰዎች 'ሂድና ፈልገው' ቢሉት፣ 'በገዛ እግሩ የወጣ በገዛ እግሩ ይመለስ፤ ሄጄ ብፈልገው ጥፋቱን ባረክሁለት ማለት ነው' አላቸው፣ ይላል።" እንዲህ አልኩ። ይህ የአባቶች ቃል ነው? የኔ ኩርፊያ ነው! የአዳማውን ልጄን ነው በሷ ልጅ ላይ የመታሁት።

አስካለ ከቦርሳዋ ቀይ ክር አወጣች፣ ሰፊ አይደለች፣ ገጹ መሀል አኖረችና መጽሐፉን ተሳለመች። ሽማግሌዎቹን መለሰቻቸው። ከዚያ ወዲያ በየእሑዱ ስትመጣ ያንን ገጽ ከፍታ ትሳለማለች። እኔ ፊት! እኔ እዚያው ተቀምጬ!

ታዲያ ከሁለት ወር በኋላ ምስጋናው ብቻውን መጣ። ደብተር ይዟል። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ፣ "አባባ፣ ላስቸግርዎ ነበር" አለ፣ አንገቱን እንደደፋ። "እኔ ሀገር ቤት ሳለሁ ሦስት ዓመት ቅኔ ቤት ቆይቻለሁ፤ ዲያቆንም ነኝ። ግዕዙ እንዳይጠፋብኝ ብዬ ያችን ቀይ ክር ያለባትን ገጽ ወደ አማርኛ መለስኳት። ካጠፋሁ ያርሙኝ ብዬ ነው።"

ያርሙኝ! እኔን! ደብተሩን ተቀበልኩ። ምን ይላል መሰላችሁ? ሰሌን ስለመሥራት ነው። መነኮሳቱ ሰሌን ሲሠሩ የዘንባባው ቅጠል ሦስት ቀን ውኃ ውስጥ ይነከር፣ ካልተነከረ ይሰበራል፣ ውኃው በየቀኑ ይለወጥ። አለቀ። አባት የለ፣ ልጅ የለ። "ማይ" የምትለዋን ቃል እኮ አይቻት ነበር!

ፊቴ በርበሬ መሰለ። ልጁ አላየኝም፣ ላለማየት ብሎ ወለሉን ነው የሚያየው። "ምናልባት አባባ ያን ዕለት ሌላ ገጽ አንብበው፣ ክሩ የተቀመጠው በስሕተት ይሆናል" አለኝ። በር ከፈተልኝ፣ እንዳላፍር። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይህ ነው፣ እኔም በዚያ በር ወጣሁ። "አዎ፣ ሌላ ገጽ ነው" አልኩት። "እሺ አባባ፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት" ብሎ ደብተሩን ወስዶ ጫማውን አድርጎ ሄደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የልጅ ልጄ የሚሆን ልጅ ስለኔ ሲል ተሳሳትኩ አለ!

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የኔ እያደር ከበደ። ጉልበቴን አመመኝ ብዬ ተኛሁ። ሁለት እሑድ፣ ሦስት እሑድ ቀረሁ፤ ቀርቼስ ምን አደረግሁ? ጣራ አያለሁ። በአራተኛው ሳምንት አስካለ ብርቱካን ይዛ ልትጠይቀኝ መጣች። አልጋዬ አጠገብ ተቀመጠችና "እርስዎ ከሌሉ ማን ይነግረናል ጋሼ? እኔ እኮ ያንን ቃል ይዤ ነው የጸናሁት" አለች። "ሕይወት ወለደች አሉ። ሴት ናት፣ ሦስት ሳምንቷ። ምጥ ያዛት ሲሉኝ ነጠላዬን ለብሼ ወጥቼ፣ ባጃጁ እግሬ ሥር ቆሞ፣ 'በገዛ እግሩ ይመለስ' የሚለው ቃል መለሰኝ። ልጄ ስትወልድ ገንፎ ሳላገነፋላት ቀረሁ ጋሼ። ግን ቃል ነው፣ ምን ይደረግ።" ይህን ብላ ብርቱካን ትልጥልኝ ጀመር።

እናንተ ልጆች፣ እኔ ሰባ ሊሞላኝ ነው፣ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ እንደዚያች ብርቱካን ያለ ነገር ግን አልቀመስኩም። የላጠችልኝን መልሼ አኖርኩ። "አስካለ" አልኩ። "አቤት።" "መጽሐፉ እንዲያ አይልም።" "ምን አይልም?" "ምንም አይልም። እኔ ግዕዝ አልተረጉምም፣ አልችልም። ሁሉንም ከራሴ ነው የተናገርኩት።"

ቢላዋዋን አስቀመጠች። ከዚያ "ታዲያ ያ ገጽ ምንድን ነው የሚለው?" አለች።

"ስለ ሰሌን ነው።"

"ስለ ሰሌን?"

"ቅጠሉ ሦስት ቀን ውኃ ውስጥ ይነከር፣ ይላል።"

ሳቀች። እንዲህ ያለ ሳቅ አያሰማችሁ። "በየእሑዱ ሰሌን ነዋ የምስመው!" አለች፣ እና ተነሣች። "ይነሡ!"

"ወዴት?"

"ቱላ ነዋ! ለኔ እንደነገሩኝ ለሷም ይነግሯታል። እኔ ብቻዬን አላፍርም።"

"አስካለ፣ ጉልበቴ..."

"ጉልበትዎም እንደ መነኩሴዎ ነው?" አለችኝ።

ተነሣሁ። ምን እላለሁ? በባጃጅ ሄድን፣ መንገዱን ሁሉ አንድ ቃል አልተነፈስንም፣ ባለ ባጃጁ እንኳ ተጨንቆ ሬዲዮ ከፈተ። ቱላ ስንደርስ በሩን የከፈተችው የባልየው እናት ናት፣ የሲዳማ ሴት፣ ትልቅ ሰው፤ አማርኛዋ ጥቂት ነው። አስካለን አየቻት፣ ማን እንደሆነች ሳይነግሯት ገባት፣ አቅፋ ሳመቻት። "ግቡ፣ ግቡ፣ ቤታችሁ ነው" አለች። ያቺ ሴት ናት ሦስት ሳምንት አራስ ያረሰች፣ ቡርሳሜውን፣ የሲዳማውን የእንሰት ምግብ፣ በቅቤ እያደረገች ያበላች፣ ሕፃኗን ያጠበች። እኛ የአባቶችን ቃል እያነበብን የአባቶችን ሥራ የሠራችው እሷ ናት። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይላሉ፣ እኔ ነኝ ያ ሳሚ።

ሕይወት አልጋ ላይ ናት። እናቷን ስታይ ፊቷን ወደ ግድግዳ መለሰች። አስካለ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። ቆሜ ነገርኳት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አዳማ ያለውን ልጄን ሳይቀር። ጨርሼ እግሯ ላይ ልወድቅ ስል "ተዉ አባባ፣ ይቀመጡ" አለችኝ። ከዚያ እናቷን አየቻት። "እማዬ" አለች ቀስ ብላ፣ "ልጅሽ እየወለደች ነው ሲሉሽ፣ እንዴት መጽሐፍ ትጠይቂያለሽ?"

እኔ ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው ብዬ ነበር የሄድኩት፤ ልጅቷ ግን ለእናቷም ድርሻዋን ሰጠቻት። አስካለ ነጠላዋን አወለቀች፣ የሕይወትን አማት ዱቄት በእጇ ምልክት ጠየቀቻት፣ ወደ ኩሽና ገባች። ስታማስል ሳግ ሳጓ ይሰማናል። ገንፎውን በቅቤ አድርጋ አመጣችና ልጇ ፊት አኖረች። ልጅቷ እጇን ዘረጋች። አስካለ ለኔም በሳሕን ቆርሳ ሰጠችኝ፣ "ይብሉ" አለች፣ እንደ ትእዛዝ።

"ታረቁ ማለት ነው አባባ?" ብላችሁ ታቋርጡኛላችሁ አይደል? እኔ ምን አውቃለሁ፤ አስካለ በየሳምንቱ ትሄዳለች፣ የልጅ ልጇን እጇን ይዛ ታመጣታለች፣ በሕይወት ዓይን ግን አንዳንዴ ያ ግድግዳ ይታየኛል። በቀጣዩ እሑድ ለሁሉም ተናገርኩ። ዘለቀ ወር ሙሉ አላናገረኝም፤ ምስጋናው ግን ደብተሩን ይዞ መጣ። አሁን እኔ አነባለሁ፣ እሱ ይተረጉማል። ይኸው ነው ነገሩ።

"ገንፎውስ እንዴት ነበር?" አለቻቸው ከተማሪዎቹ አንዷ።

"ጨው የለውም" አሉ አባባ፣ እየሳቁ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። "እያለቀሰች ስትሠራ ረስታው ነው። ልጅቷ በላች፣ አማቷ በላች፣ እኔም በላሁ። ማን ደፍሮ ጨው ያንሰዋል ይበል?"