የአሥራ ሦስቱ በሮች ፊውዝ

የግንቦት ልደታ ዋዜማ ነበር። አቶ ገብረየሱስ የኤሌክትሪክ ብስክሌታቸውን እየገፉ ከሜክሲኮ ወደ ልደታ ይመጡ ነበር። ጠዋት ቻርጅ ሞልቶ የወጣው ብስክሌት ዳገቱ እኩሌታ ላይ ሲደርስ ድርግም ብሎ ጠፍቶባቸዋል። ስልሳ ስምንት ዓመት የሞላው ሰው ይህን የሚያህል ብረት ሲገፋ ሁለት ጊዜ ቆሞ መተንፈሱ አይቀርም። ሁለተኛውን ትንፋሽ የወሰዱት ከአንድ ኮንዶሚኒየም ሥር ባለች የጥገና ሱቅ ደጃፍ ነበር።

«ጋሼ ገብረየሱስ! እርስዎ ነዎት?»

ከሱቋ የወጣውን ወጣት አተኩረው አዩት። ፊቱን አላወቁትም፤ ግንባሩን ግን አወቁት።

«የሂርጳ ልጅ! ፊራኦል! አባትህን ከነግንባሩ ተሸክመህ ነው እንዴ የምትዞረው?»

ተቃቅፈው ተሳሳሙ። ሰፈሩ ፈርሶ ሰው ከተበተነ ወዲህ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አልተያዩም። ፊራኦል ኮሌጅ ገብቶ ኤሌክትሪክ ተምሮ፣ ይህችን ሱቅ ከከፈተ ገና ሦስተኛ ወሩ ነው።

«አሁን የቆምንበት የማን ደጅ እንደነበር ታውቃለህ?» አሉት።

«የእትዬ ሀሚዳ ይመስለኛል። ቧንቧው እዚያ ጋ ነበር።»

«ቧንቧው ትንሽ ወዲህ ነበር። ቆጣሪው ደግሞ እዚህ፣ ካንተ ጫማ ሥር።»

ሁለቱም ወደ መሬት አዩ። ሲሚንቶ ብቻ ነበር። የአቶ ገብረየሱስ ዓይን ግን ከሲሚንቶው በታች ያየ መሰለ። በአንድ ግቢ አሥራ ሦስት በር ነበር፤ ለአሥራ ሦስቱም አንድ ቆጣሪ። አንዱ ቤት የኤሌክትሪክ ምድጃ ከሰካ የቆጣሪው ፊውዝ ይቃጠልና የሁሉም መብራት ይጠፋል። ያኔ የእትዬ ሀሚዳ ባለቤት ጋሽ ሁመድ ባትሪ መብራቱን ይዞ በየበሩ እየዞረ፣ «ማነው ዛሬ ጎመኑን በግቢው ሁሉ መብራት የሚቀቅለው?» እያለ ያስቅ ነበር። በኋላ በኋላ ጋሽ ሁመድ መብራት ባይጠፋም እንኳ በየምሽቱ ቆጣሪውን ከፍቶ ሳያይ አይተኛም ነበር። ሰዉ «ደሞዝ የሌለው የመብራት ኃይል ሠራተኛ» እያለ ያሾፍበት ነበር።

አቶ ገብረየሱስ ከትዝታው ሲመለሱ ችግራቸውን ነገሩት። የተበተኑት ጎረቤቶች በየዓመቱ በዚች ቀን ተሰብስበው፣ በሕንፃዎቹ መሐል ባለው ሣር ላይ ንፍሮ ይቀምሳሉ። ወይዘሮ ሀሚዳ አሁን የሚኖሩት ተክለ ሃይማኖት ነው። እሳቸውን አምጥቶ መመለስ የአቶ ገብረየሱስ ሥራ ነው።

«ላዳ ልጥራልዎ?» አለ ፊራኦል።

«ጉልበቷ አይታጠፍም፤ ላዳ ውስጥ ስትገባና ስትወጣ ታለቅሳለች። እዚህ ኋላ ላይ ግን እግሯን ዘርግታ በጎን ትቀመጥና እንደ ንግሥት ትመጣለች። አሥራ አንድ ሰዓት እጠብቅሃለሁ ብላኛለች። አሁን ዘጠኝ ነው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንደ ሙያ ጓደኛ ተጠጉት። «በሽታውን እኔ አውቀዋለሁ። ባትሪው ላይ ያለችው ቦርድ ናት። እሷን ዝለላትና ሁለቱን ወፍራም ሽቦ አገናኝተህ ዳይሬክት አድርግልኝ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ራሴ አደርገው ነበር፣ መነጽሬን ቤት ትቼ ነው እንጂ።»

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይህን አላደርግም።»

«ኮሌጅ ያስተማሩህ እምቢ ማለት ነው?»

«አንድ ሙሉ ሴሚስተር እሱን ነው ያስተማሩን» አለ ፊራኦል እየሳቀ። «ቦርዱ ቢኤምኤስ ይባላል። የባትሪው ዘበኛ ነው ይበሉት። እዚህ ውስጥ ተደርድረው የታሰሩ አሥራ ሦስት የሴል ረድፎች አሉ። ዘበኛው እያንዳንዱን ለብቻው ያያል። አንዱ ከሌላው ቀድሞ ሞልቶ እንዳያብጥ፣ አንዱ ደርቆ እንዳይሞት፣ ሽቦ ቢነካካ ወይም ከልክ በላይ ቢግል እንዲቆርጥ የተቀመጠ ነው።»

«እኔ አርባ ዓመት ያለ ዘበኛ ሬዲዮ ጠግኛለሁ። ሬዲዮ ፊውዙ ተቃጥሎ ሲመጣልኝ፣ ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለችውን ብርማ ወረቀት ጠቅልዬ እከትበትና እሰጣለሁ። ሰዉ መርቆኝ ነው የሚሄደው!»

እዚህ ላይ በአቶ ገብረየሱስ መፍረድ አይገባም። በዚያን ጊዜ የፊውዝ ያለህ ቢባል አይገኝም ነበር። ሬዲዮውን ይዞ የመጣው ሰው ዜናውን ዛሬ መስማት ይፈልጋል እንጂ የመጪውን ወር ዕቃ አይጠብቅም። ብርማዋ ወረቀት የችግር ዘመን ብልሃት ነበረች። የሰው ልጅ ጉድለት ግን ችግሩ ካለፈ በኋላም ብልሃቱን አለመተዉ ነው።

«ሬዲዮ ቢበላሽ ድምፁ ይጠፋል» አለ ፊራኦል በትሕትና። «እንዲህ ያለ ባትሪ ግን እሳት ከያዘው በቀላሉ አይጠፋም። ደግሞ እኔም ቦርዱ ላይ ገና አልፈረድኩም። የታመሙት ሴሎቹ ቢሆኑስ? መጀመሪያ እንለካ።»

«እንለካ» የምትለው ቃል አቶ ገብረየሱስን አለዘበቻቸው። ቴስተር ሳይዝ የሚናገር ባለሙያ ዕድሜያቸውን ሙሉ አይወዱም። ፊራኦል ባትሪውን ፈታ፤ እሳቸው የእሱን ማጉያ መነጽር ተውሰው ቁጥሩን አነበቡ። አሥራ ሦስቱም ረድፎች ተቀራራቢ ሆነው ተገኙ። ባትሪውን አምፖሎች አብርተውበት ሲለኩም የአንዳቸውም ቁጥር አልወረደም። በቦርዱ በኩል አልፎ የሚወጣው ኃይል ግን አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይቋረጣል።

«ሴሎቹ ጤነኞች ናቸው» አለ ፊራኦል። «የታመመው ዘበኛው ነው።»

«ታዲያ ምን አልኩህ! ጣለው!»

«ዘበኛ ሲታመም ሌላ ይቀጠራል እንጂ በሩ ተከፍቶ አይታደርም፣ ጋሼ።»

«አንድ ቀን ብቻ! ለዛሬ ብቻ ዳይሬክት አድርገው፤ ሰኞ ቦርዱን ትቀይርልኛለህ።»

ፊራኦል በጣቱ ከባትሪው ሳጥን በላይ ያለችውን ሰፊ የኋላ መቀመጫ መታ መታ አደረጋት።

«እትዬ ሀሚዳ የሚቀመጡት እዚህች ላይ አይደለም?»

አቶ ገብረየሱስ የሰሙት የልጁን ጥያቄ ብቻ አልነበረም። በሰማንያዎቹ ውስጥ የነበረ አንድ የበዓል ዋዜማ ትዝ አላቸው። የግቢው መብራት በአንድ ምሽት አራት ጊዜ ጠፋ። ጋሽ ሁመድ ለንግድ ክፍለ ሀገር ወጥቶ ነበር። አቶ ገብረየሱስ ማንም ሳያያቸው ቆጣሪውን ከፍተው በፊውዙ ቦታ ያቺን ብርማ ወረቀት ከተቱበት። መብራቱ በራ፤ ግቢው እልል አለ። ሁሉም ምድጃውን ሰካ። ከሁለት ሰዓት በኋላ በወይዘሮ ሀሚዳ ኮርኒስ ውስጥ ያለፈው ሽቦ ግሎ ነደደ። ሕፃናቱን በመስኮት አወጧቸው፤ ጣሪያውና አልባሳቱ ግን ተቃጠለ። ሰዉ «አይጥ ሽቦ በልቶ ነው» አለ። አቶ ገብረየሱስም «አይጥ ነው» አሉ። ይኸው እስከ ዛሬ አይጥ ነው።

«ሌላ ቦርድ አለህ?» አሉ በመጨረሻ። ድምፃቸው ተለውጦ ነበር።

«ልኩ አለኝ።»

«እንግዲያው ምን ታየኛለህ? መበየጃውን አግለው!»

ፊራኦል ቀጫጭኖቹን ሽቦዎች ከያዘው ሶኬት ጀምሮ አሮጌውን ቦርድ ነቀለ። አቶ ገብረየሱስ ወፍራሙን ሽቦ ከአዲሱ ቦርድ ጋር በየዱት፤ ብየዳቸው እንደ ድሮው ያብረቀርቅ ነበር። «እጅዎ ከእኔ ይሻላል» አለ ልጁ ከልቡ። ሰዓቱ አስቸኩሎት አሮጌውን ሶኬት አዲሱ ቦርድ ላይ ሊሰካ ሲል ግን ሽማግሌው እጁን ያዙት።

«ለክተሃል?»

«ሶኬቱ ልክ ነው እኮ፣ ይገባል።»

«የሚገባ ሁሉ ልክ ነው ያለህ ማነው? ስጠኝ ቴስተሩን።»

ለኩ። የሽቦዎቹ ቅደም ተከተል ከአዲሱ ቦርድ ጋር ተገላቢጦሽ ነበር። ቢሰካ ኖሮ አዲሱ ቦርድ እዚያው ይቃጠል ነበር። ፊራኦል ፊቱ ቀላ፤ ከአዲሱ ቦርድ ጋር የመጣውን ሶኬት አውጥቶ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ አስተካክሎ እየለካ ቀጠለ።

«ኮሌጅ ይህን አላስተማረህም?» አሉት እየሣቁ።

«አስተምሮኝ ነበር፤ እርስዎ አስታወሱኝ» አለ። ከዚያም ጨመረ፤ «አዩ ጋሼ፣ እርስዎ ሳይለኩ አንዲት ሶኬት እንኳ አያስገቡም። ቢኤምኤስም ይኸው ነው። እርስዎ በማያዩበት ሰዓት ቴስተሩን ይዞ አሥራ ሦስቱንም የሚለካ ሰው ነው።»

አቶ ገብረየሱስ ሽቦውን እንደያዙ ቀና አሉ። «እንዲህ ብለህ ቀድመህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ዘበኛ ዘበኛ እያልክ ታደክመኛለህ።»

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ብስክሌቱ ዳገቱን ሳይንገራገጭ ወጣው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ወይዘሮ ሀሚዳ እግራቸውን ዘርግተው፣ ነጠላቸውን በአንድ እጅ ይዘው ሣሩ ላይ ደረሱ። ፊራኦልም ሱቁን ዘግቶ መጣ፤ ሁሉም ግንባሩን እያዩ የሂርጳን ስም ጠሩ። ንፍሮው ዞረ። የጠፉት ተቆጠሩ፤ ቧንቧው የት እንደነበረም እንደየዓመቱ ክርክር ተነሣ።

ከዚያ አቶ ገብረየሱስ ተነሥተው ቆሙ።

«ከእናንተ መሐል ልጆቻቸው እንደ እኔ ያለ ብስክሌት የሚነዱ አራት ሰዎች አሉ። ስሙኝ። ብስክሌቱ በየመንገዱ ቢጠፋባችሁ ማንም 'ዳይሬክት ላድርግልህ' ቢላችሁ እሺ አትበሉ። መጀመሪያ አስለኩ፤ ሴሎቹ ደኅና ከሆኑ ቦርዱን አስቀይሩ። ያኔ ባትሪው ዕድሜው ይረዝማል፤ አንዱ ሴል ደክሞ ሌሎቹን ይዞ አይሞትም። ልጃችሁ መሐል ዳገት ላይ ቆሞ አይቀርም። ከሁሉ በላይ አልጋ አጠገብ ቻርጅ ላይ የተተወ ነገር ቤታችሁን አያቃጥልም። ይህን የምለው ተምሬ አይደለም።» ወደ ወይዘሮ ሀሚዳ ዞሩ። «እትዬ ሀሚዳ፣ ያኔ ቤትሽን ያቃጠለው አይጥ አልነበረም። ፊውዙ ላይ የሲጋራ ወረቀት የከተትኩት እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ ሀሚዳ እፍኛቸው ውስጥ የነበረውን ንፍሮ አላምጠው እስኪጨርሱ አልቸኮሉም።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ታውቂያለሽ?»

«ሁመድ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከመንገድ በተመለሰ ማግስት ቆጣሪውን ከፍቶ ያቺን ወረቀት ጠቁራ አገኛት። ልናገር ስል ከለከለኝ። 'ሰዉ በዓሉን በጨለማ እንዳይውል ብሎ ነው፤ አሁን ብናሳፍረው ዳግመኛ አምፖል የሚቀይርልን አናገኝም' አለኝ። ከዚያ ወዲያ በየምሽቱ ቆጣሪውን ሲከፍት የነበረው ለምን ይመስልሃል? ስትስቁበት ዝም ብሎ እጅህን እየጠበቀ ነበር እኮ፣ ገብሬ።»

አቶ ገብረየሱስ ተቀመጡ። ሠላሳ ዓመት የሳቁበት ቀልድ ትርጉሙ ዛሬ ገና ገባቸው። ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ፊራኦል አጠገባቸው ተቀምጦ የንፍሮውን ሳህን ወደ እሳቸው አስጠጋ።

ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ወይዘሮ ሀሚዳ ተደግፈው ተነሡ፤ ወደ ብስክሌቱ ሄደው ከመቀመጣቸው በፊት መቀመጫዋን በመዳፋቸው ዳበሷት።

«አንተ ልጅ» አሉት ፊራኦልን፣ «እዚህ ሥር ያስገባኸው ነገር እንደ ሁመዴ ነቅቶ ያያል?»

«ሳያቋርጥ ያያል፣ እትዬ።»

«እንግዲያው» አሉ እግራቸውን እየዘረጉ፣ «ገብሬ፣ ዘንድሮ ትንሽ ፈጠን በል። ሌላ ጊዜ እየፈራሁ ነበር የምቀመጠው።»