እግር ባዶ፣ ዓይን አንድ

የተከበራችሁ የአምባችን ሰዎች፤ ቄስ አባታችን፤ መቃብሩን ልትቆፍሩልን ከማዶ የመጣችሁ የረጀብ ወገኖች፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ እርስዎ፣ ከመንዲ በእህል መኪና ተጭነው የደረሱት እማማ ጠጂቱ፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ጓድ ኃላፊም ቆመዋል። እሳቸውም ይስሙ።

እኔ ብዙወርቅ ነኝ። እንዳብዛኞቻችሁ ከወሎ በሠፈራ ነው የመጣሁት። ሙሾ ማውረድ አልችልበትም። ግን ስለ ሞቱማ ሳልናገር አፈር አይለብስም። እናቱ "ልጅሽ ሰው ሊያስኮበልል ሲዶልት ተይዞ የታሰረ ነው" ተብለዋል። ያንን ይዘው ወደ መንዲ እንዲመለሱ አልፈልግም።

ሞቱማ አናጺ ነበር። ለሁለት ወር ነበር የመጣው። የጎጆዎቻችንን ጣሪያ ሊያቆም፣ በር ሊገጥም። ለሁለት ወር ነበር የመጣው፤ ጎጆው ሲያልቅ መጋዘን አሉት፣ መጋዘኑ ሲያልቅ ክሊኒክ አሉት። ይለፍ ሲጠይቅ "በሚቀጥለው ወር" አሉት። ለሁለት ወር መጥቶ አራት ዓመት። መንዲ የት ነው? የዳቡስን ወንዝ ተሻግሮ የአንድ ቀን መንገድ አይደለም? እኛስ አገራችን ሩቅ ነው፣ ተስፋ ቆርጠን ተቀምጠናል። እሱ ግን የእናቱን ቤት አጠገቡ አድርጎ መሄድ የተከለከለ ሰው ነበር።

ክረምት ላይ እሑድ እሑድ፣ ዝናቡ ከእርሻ ሲያስቀረን፣ መሣሪያ ቤት እንሰበሰባለን። የዚሁ አገር ተወላጁ ረጀብ ካመጣው ቀርከሃ ሞቱማ አምስት ስንጥር ፈለጠ። አንዱ ገጹ ነጭ፣ አንዱ አረንጓዴ። ትወረውራለህ፣ ነጩን ትቆጥራለህ። መጀመሪያ ለጉልበት፣ ከዚያ ለእግር፣ ለዓይን፣ ለአንደበት፣ ለብልሃት። በወጣልህ ልክ አንድ ሰው ትሆናለህ፤ ያን ሰው ሆነህ መንገድ ትወጣለህ። ረጀብ አገሩ ስለሆነ መንገዱን የሚነግረን እሱ ነው። እዚህ ወንዝ አለ፣ እዚህ ኬላ አለ ይለናል። አለፍክ ወይ ተያዝክ የሚለውም በስንጥሩ ነው። ክፉ የወጣለት አንድ ጊዜ መድገም ይችላል። ደግሞ ማንም ተትቶ አይኬድም።

ሁላችንም ክፉ ሲወጣብን እንደግማለን። ሞቱማስ? አንድም ቀን። አንዴ ጉልበት አንድ፣ እግር ባዶ፣ ዓይን አንድ፣ አንደበት ባዶ ወጣለት። ብልሃት ብቻ ሁለት። ረጀብ ስንጥሩን አቀበለው።

"ሞቱማ፣ ድገም። ይሄ ሰው እግር የለም፣ አፍ የለም። መንገድ እንዴት ይሄዳል?"

"እሱን ነው ማየት የምፈልገው" አለ። "ባለ አምስቱንማ ማንም ያሻግረዋል።"

ያንን የስንጥር ሰው ስሙን ኦልጅራ አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኦልጅራን ተሸክመን እንዞራለን። ተናድጄበታለሁ። ሰድቤውም አውቃለሁ፣ ቄስ አባቴ ይፍቱኝ።

አንድ እሑድ በጨዋታችን ዳቡስ ደረስን። ድልድዩ ላይ ኬላ አለ። የትራክተሩ ዱጋሳ ጉልበቱ አምስት ነው፤ እዋኛለሁ ብሎ ገባ፣ ተያዘ። እኔ አንደበቴ አራት ነው፤ ላግባባ ብዬ ቀረብኩ፣ ተያዝኩ። ሞቱማ "ኬላው በር ላይ እቀመጣለሁ" አለ።

"ወረቀት ይሉሃል" አለው ረጀብ።

"አልናገርም።"

"ተነስ ይሉሃል።"

"በምን እግሬ?"

"ይመቱሃል።"

"እዚያው ነኝ።"

ረጀብ ራሱን አከከ፣ ከዚያ ሳቁ መጣበት። "ወላሂ፣ ወታደሩ ሰልችቶታል። መኪና አስቆመ። ይሄን ሰው ወዲያ ውሰዱልኝ አለ።" እኛንም ተሸካሚዎቹ ናቸው ብለው አብረው ጫኑን። እግር የሌለው ሰው ሁላችንንም መንዲ አስገባን። የዚያን ቀን ሳቃችንን በር ላይ ቆማችሁ የሰማችሁ የላችሁም?

እማማ ጠጂቱ፣ ልጅዎ በጨዋታ ደጅዎ ድረስ ስንት ጊዜ መጥቷል። ግን ገብቶ አያውቅም። ደጁ ላይ ሲደርስ ስንጥሩን ይሰበስባል። ለምን አትገባም ስለው "እናቴ ቤትስ በጨዋታ አልገባም" አለኝ።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ። ያኔ መሠረተ ትምህርት የጨረስኩ ሰሞን ነበር። አዲስ ፊደል የቆጠረ ሰው እጁ አያርፍም፤ የጨው ከረጢት ላይ ሳይቀር እጽፍ ነበር። የጨዋታውን ሰዎች ሁሉ በጨዋታ ስማቸው በአንድ ወረቀት አሰፈርኩ። ስም፣ ጉልበት፣ እግር፣ ዓይን። ከሥሩ መንገዱን፦ ባምባሲ፣ ዳቡስ፣ መንዲ። ያ ወረቀት ወድቆ ተገኘ። የኮብላይ ዝርዝር ነው ተባለ።

ሦስት ቀን ሙሉ ሚሊሻ ኦልጅራን ፈለገ። ጎተራ በዘንግ ወጉ። "ሽባውን የት ደበቃችሁት?" ተባልን። የሌለ ሰው ከየት እናምጣ? በአራተኛው ቀን ሰብስበው "ጸሐፊው ይውጣ" አሉ። እኔ አልወጣሁም። ሁለት ልጆች አሉኝ። ሞቱማ ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም። ወጣና "እኔ ነኝ" አለ። "ይሄማ የጀማሪ ጽሕፈት ነው" ሲሉት "አናጺ ነኝ፣ እጄ ለመጥረቢያ እንጂ ለብዕር አልተገራም" አላቸው።

ዘጠኝ ወር ታሰረ። እንዴት ሆኖ እንደተመለሰ አይታችኋል። ወጋግራ ብቻውን ይሸከም የነበረ ሰው በምርኩዝ መጣ። አንዳንዶቻችሁ "የተጫወተው ደረሰበት፣ በራሱ ላይ ጠራው" ስትሉ ሰምቻለሁ። አትበሉ። ጨዋታ ሰው አይሰብርም። የሰበረው እስር ነው፣ የጨረሰው ወባ ነው፣ ያሳሰረው የኔ ዝምታ ነው። ታሞ ተኝቶ "ሄጄ ልናገር" ስለው "ልጆችሽን ማን ያሳድግ? እኔ እንደሁ ወጥቻለሁ" አለኝ። እኔም ደስ አለኝ። እግዜር ይየኝ፣ ደስ አለኝ።

ዛሬ ግን እናቱ ፊቴ ቆመዋል። እማማ፣ ልጅዎ በማንም ላይ አልዶለተም። ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጓድ ኃላፊ፣ ወረቀቱ መዝገብ ቤት ካለ ያስመጡትና አጠገብዎ ቁጭ ብዬ ልጻፍልዎ፤ ያው እጅ ነው። ልጆቼን ዛሬ ጠዋት ለዱጋሳ ሚስት ሰጥቻለሁ። ልብሴንም ቋጥሬያለሁ።

ሞቱማ፣ ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ ብዬ አላስቸግርህም። አንተ ድሮ ይቅር ብለኸኛል፤ ያልቻልኩት እኔ ነኝ። ሬሳህን መንዲ እንውሰድ ብለን ለመንን፣ አልተፈቀደም። እናትህ ራሳቸው መጡልህ። ደህና ሁን።

እማማ፣ ቀረብ ይበሉ፤ የመጀመሪያውን አፈር እርስዎ ይጣሉለት። ጓድ፣ ጉድጓዱ እስኪሞላ ይታገሡኝ። ከዚያ እመጣለሁ።