ነጩ ግድግዳ

ልብስ ሰፊዋ እናት ደረጃውን ስትወጣ የጎረቤቷን ልጅ አገኘቻት። ልጅቱ ተምራ መድኃኒት ቤት ተቀጥራለች፤ ሰላምታዋ ግን እንደ ልጅነቷ ጎንበስ ብላ ነው።

«እትዬ፣ ልጅዎ እንዴት ነው? የአእምሮ ሐኪሙ ዛሬ በስልክ ያዩት የለ?»

«ያዩታል አሉ!» አለች እናት ከንፈሯን መጥጣ። «የኔ ልጅ፣ ሐኪም ማለት አጠገብ ተቀምጦ ዓይን ዓይን የሚያይ ነው። እኚህ ስልኩ ላይ እንደ ዜና አንባቢ ከደረት በላይ ብቅ ብለው ‹ደህና ሰነበታችሁ?› ይላሉ። እኔም ደህና እላለሁ። ልጄ ግን እንደ ሻማ እያለቀ ነው። ከእንግዲህ ስልኩን አላነሳም።»

«ታዲያ ሆስፒታል ይወስዱታል?»

«በምን አቅሜ? ባለፈው ሰው ሁሉ ያየኛል ብሎ ከአውቶቡስ ዘሎ ወርዶ መኪና ሊበላብኝ ነበር!»

«ሲደወል ስልኩን የት ያስቀምጡታል?»

«ሳሎን ነዋ! በነጩ ግድግዳ በኩል። እሱንም ፊቱን አጥቤ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ አልብሼ አስቀምጠዋለሁ።»

«መኝታ ክፍሉንስ ሐኪሙ አይተውት ያውቃሉ?»

የእናት ፊት ጠቆረ። የዚያ ክፍል መስኮት በብርድ ልብስ ተሸፍኗል፤ የሚቀመጥለትም ምግብ ሳይነካ ይደርቃል። ከእሷ በቀር ያየው የለም።

«ገመናዬን ላሳይ? ምን ዓይነት እናት ናት አይሉኝም?»

«የሐኪሙን ጥያቄስ ማን ይመልሳል?»

«እኔ ነኛ! እሱማ አፉ ተለጉሟል።»

«እንግዲያው አይቀየሙኝና እትዬ፣ ሐኪሙ ሲያክሙ የከረሙት ግድግዳዎን ነው።»

እናት ተቆጥታ ወደ በሯ ዞረች።

«ሆስፒታል ቢሄዱ ሐኪሙ ያንን ክፍል በምን ዓይናቸው ያዩት ነበር?» አለች ልጅቱ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ስልኩ እኮ ቤት ድረስ ያስገባቸዋል። በር የሚዘጉባቸው እርስዎ ነዎት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰሙም?»

«ተረቱንማ እናትሽንም ያስተማርኳት እኔ ነኝ» ብላ እናት ቤቷ ገባች።

ስልኩ ሲጮህ አንስታው ሳሎኑን አልፋ ሄደች። የልጇን በር አንኳኳች። «ልጄ፣ እዚሁ ያነጋግሩህ?»

ልጁም ከውስጥ መለሰ፤ «ብርድ ልብሱን እንዳትነኪው፣ እማ።»

እናት ስልኩን ይዛ ገባች። ሐኪሙ ጨለማውን አይተው፣ «መታየት ከከበደህ የሁለታችንንም ምስል እናጥፋና በድምፅ ብቻ እናውራ» አሉት።

«ይጥፋ» አለ ልጁ። ለሐኪሙ ራሱ ሲመልስ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ለብቻቸው እንዲያወሩ እናት ስትወጣ፣ በሩ ሳይገጥም የልጇን ድምፅ ሰማች፤ «ክኒኑን አልውጠውም። ፍራሹ ሥር ነው ያለው።» እሷ ግን በተጠየቀች ቁጥር «ይውጣል» ስትል ከርማለች። ያንኑ ነጭ ግድግዳ ተደግፋ አለቀሰች።

በመጨረሻ ሐኪሙ ጠሯት። መድኃኒቱ ሰውነቱን ስላደነዘዘው ጠልቶት ኖሯል፤ እንደሚለውጡለት ነገሯት። ቀጥለውም፣ «እርስዎስ እንቅልፍ ይወስድዎታል?» አሏት። ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ገመና ከወሬኛ ይሸሸጋል፤ ከሐኪም የተሸሸገ ግን ቤቱን ከውስጥ ይበላል። አሁን ልጁ የአውቶቡስ ጭንቅ ሳይነካው እፍራሹ ላይ ሆኖ ይታከማል፣ እናትም ሲከፋው ምን ማለት እንዳለባት ትማራለች። ብርድ ልብሱ ግን ዛሬም አልወረደም።

ሰንብታ ልጅቱ ደረጃው ላይ አገኘቻት። «እትዬ፣ ተሻለው?»

«ገና ነው» አለች እናት። «ግን አሁን የሚታከመው ልጄ ነው።»