መሃል የገባው ሳህን

ባለቤቴ ከማረፉ በፊት አብረን ያደረግነው የመጨረሻ ነገር ከአንድ ትሪ ሽሮ መብላት ነበር። ከዚያ ወዲህ ብቻዬን ማዕድ ስቀርብ እህል አይወርድልኝም ነበር። አንድ ቀን ከንፋስ መውጫ ወደ ደብረ ታቦር ስሄድ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናትና አንዲት ወጣት ሲያወጉ ሰማሁ።

«ልጄ አዲስ አበባ ሥራ ይዛለች። ብቻዋን እየበላች ይሆን እያልሁ እሰጋለሁ።»

«አይስጉ፣ እማማ። እኔም እዚያው ነኝ። ስሄድ ማንንም አላውቅም ነበር። የሥራ ጓደኞቼ ሰፈራችን ያለ የታይላንድ ምግብ ቤት ወሰዱኝ።»

«እነሱ ደግሞ ምን ያበላሉ?»

«ሩዝ፣ በኮኮናት ወተት ከተሠራ ወጥ ጋር። ለየሰዉ በየሳህኑ።»

«በየሳህኑ? ምነው፣ ተጣልታችሁ ነበር?»

«የምግብ ቤቱ ደንብ ነው። እኔ ግን ሳላውቅ የኔን መሃል አስቀምጬ ‹እንብላ!› አልኋቸው።»

«አበጀሽ! ሳቁብሽ?»

«ሳቁ። ከዚያ የሁሉም ሳህን መሃል ገባ። አንዷንማ አጎረስኋት።»

«በማንኪያ?»

«በእጄ ነዋ! የጋይንት ልጅ አይደለሁ?»

«እንግዲያ ዛሬውኑ ደውዬ የኔዋም ሳህኗን መሃል ታድርግ እላታለሁ።»

እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ እራቴን ይዤ ጎረቤቴ ዘንድ እሄድና «እንብላ» እላታለሁ።