ጥሩ ጥሩውን ሴትዮዋ ወስዳዋለች

እስቲ አንዴ ጸጥ በሉልኝ። ወንበር የምትጎትቱም ተዉ፤ ይሄን ንግግር ሁለቴ የማደርግበት ወኔ የለኝም።

ይቺ ዛሬ በጡረታ የምንሸኛት ሴት ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት በዚያ በር ስትገባ መጀመሪያ ያናገርኳት እኔ ነኝ። በግራም በቀኝም እጇ በመጽሐፍ የተወጠረ ፌስታል ይዛለች። ከስክሪኔ ቀና እንኳ ሳልል፣ "እህቴ፣ እዚህ መጽሐፍ አንገዛም" አልኳት።

"እኔም አልሸጥም። ወንበሬ የቱ ነው?" አለችኝ።

ወንበሯ ከእኔ ጎን ሆነና አበሳዬ ጀመረ።

"ህዳግ" ብለን ስም ያወጣንላት በየመጽሐፉ ዳርና ዳር በእርሳስ ስለምትሞነጫጭር እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የድረ ገጽ ክፍሉ ኃላፊ እኔ ነኝ። አዲስ ዲዛይነር ሲቀጠር ግን "ምን ላንብብ?" ብሎ የሚሄደው ወደ እሷ ነው። እኔን የሚጠይቁኝ ፈቃድ ብቻ ነው። ቀናሁ እንዴ? አዎ፣ ቀናሁ! ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቆሽቴ አርሯል፤ ዛሬ ምን ያስደብቀኛል?

አንድ ቀን ተደብቄ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ወዳለው አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ሄድኩ። "ስለ ድረ ገጽ ዲዛይን ጥሩ መጽሐፍ አለህ?" ስለው፣ "ጥሩ ጥሩውን ሴትዮዋ ወስዳዋለች። የቀረውን ላሳይህ?" አይለኝም!

በእልህ ሄጄ ከትልቁ መደብር ሰባት መቶ ገጽ ያለው፣ ሽፋኑ የሚያብረቀርቅ መጽሐፍ ገዛሁ። ገጽ ሁለት መቶ ሳልደርስ የሚያስተምረው ፕሮግራም ጊዜው አለፈበት። እሷ ምን አለች? "ስጠኝማ፣ ለስክሪኔ ከፍታ ልክ ነው።" ይኸው እስከ ትናንት ስክሪኗ የተቀመጠው እሱ ላይ ነው። እንግዳ ሲመጣም፣ "የእሱ ምርጫ ነው፤ በጣም ጠቅሞኛል" ትላለች።

የእሷን አመራረጥ ደግሞ ስሙት። መጽሐፉን ከሻጩ ለአንድ ቀን ትዋስና መሃሉን ገልጣ እዚያ ጥግ ለተቀመጡት ለጥበቃችን ትሰጣቸዋለች። "አባባ፣ ይቺን ገጽ ያንብቡልኝ።" እሳቸው አንብበው "ገባኝ" ካሉ ትገዛዋለች። "ይሄን የጻፈው መቼም ትልቅ ምሁር ነው" ካሉ ትመልሰዋለች። ሳቁ፣ ሳቁ! እኔም ስቄ ነበር። ከዚያ በድብቅ ሞከርኩት። አባባ ገና ሽፋኑን እንዳዩ፣ "እሷ ታውቃለች?" አሉኝ።

ስለ አሠራር የሚያወሩትን መጻሕፍት ሽፋናቸው ላይ ቀን ጽፋ በሦስተኛው ዓመት ከመደርደሪያው ታወርዳቸዋለች። ስለ ሐሳቡ የሚያወሩትን ግን አትነካቸውም። "መሣሪያው ይቀየራል፤ ሰው ግን ያው ሰው ነው፣ ሲቸኩል አያይም" ትላለች። ይሄን አባባል በስንት ስብሰባ ላይ የራሴ አስመስዬ እንደተናገርኩት እኔ አውቃለሁ።

ወደዚያው ልምጣ። ህዳግ፣ እዪኝ። ፊትሽን አታዙሪ።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ለአንድ ሆስፒታል የቀጠሮ ማስያዣ ድረ ገጽ ስንሠራ ታካሚው አሥራ አራት ጥያቄ እንዲመልስ አድርጌ ነበር። ሰዎቹ መሃል ላይ እየተዉት ወጡ። የማስረከቢያው ቀን ደረሰ፣ ጨነቀኝ። አንቺ አንድ ቀጭን መጽሐፍ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥሽ። ዳሩ ላይ በእርሳስ፣ "ያመመው ሰው ስንት ጥያቄ መመለስ ይችላል?" ብለሽ ጽፈሻል። አሥራ አራቱን ሦስት አደረግኳቸው። ሆስፒታሉ አመሰገነ። ሥራ አስኪያጁ ሁላችን ባለንበት፣ "ይሄን ሐሳብ ከየት አመጣኸው?" ሲለኝ፣ "እንዲሁ መጣልኝ" አልኩ።

አጠገቤ ተቀምጠሽ ነበር። እርሳስ እየቀረጽሽ።

በዚያ ወር ኃላፊ ሆንኩ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲሉ እውነታቸውን ነው፤ እዚያ ወንበር ላይ አንድ ቀን ደልቶኝ አልተቀመጥኩም። "እንዲሁ መጣልኝ" ባልኩ በማግስቱ ትጮሂብኛለሽ ብዬ ስጠብቅ ሌላ መጽሐፍ አምጥተሽ፣ "ይሄንንም አንብበው" አልሽኝ። ምናለ ብትሰድቢኝ? መጽሐፍ በመምረጥ መብለጥሽ አንሶ በትዕግሥትም በለጥሽኝ። በዚህኛው ደግሞ የባሰ ቀናሁ።

ሥራ አስኪያጃችን እዚህ አለ፤ ይስማ። ልጅሽም አለች፤ ትስማ። ያ ሐሳብ የእሷ ነበር። እኔ ዝም ያልኩት ስለፈራሁ ነው፤ እውነቱ ከታወቀ ከጎኗ ባዶ መሆኔ ይታያል ብዬ። አመሰግንሻለሁ። ይቅርታሽንም እለምንሻለሁ። ሁለቱንም ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ማለት ነበረብኝ።

በሉ ብርጭቆ ያዙ። ዓይንሽ አይድከም፣ ጉልበትሽ ይጽና፣ ጡረታሽ የሰላምና የንባብ ይሁንልሽ። ከልጅሽ ጋር ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። አንቺ ግን፣ ይቅር ካላልሽኝ ብርጭቆሽን አታንሺ። አልከፋም፣ ይገባኛል። እኔ አንስቼ እጠብቅ...

ቆይ፣ አነሳሽው እንዴ? እዩልኝ እንግዲህ ጉዴን! የእኔ ገና ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ዛሬም ቀደመችኝ!